ስሜን ምስጋና ገጽ ላይ ቀበረው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ነገሩ ረዘም ይላልና ታገሰኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አንድ አብሮ አደግ ጓደኛ አለኝ፣ ፎቶ አንሺ ነው። እንጀራው ሠርግና ምርቃት ነው፣ ልቡ ግን ወፍ ላይ ነው። እኔም እንደዚያው። ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ላይ አብረን ወጥተናል፤ እሱ ካሜራውን ተሸክሞ፣ እኔ ደብተሬን ይዤ። እጅና ጓንቲ ነበርን።

አንድ ቀን «ለምን የሱሉልታን ወፎች በአማርኛ መጽሐፍ አናደርጋቸውም?» ተባባልን። መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ ልሁን እሱ፣ አሁን በእሱም ተጣልተናል። ጽሑፉን በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የትኛዋ ወፍ የቷ እንደሆነች የለየሁትም እኔ ነኝ። ፎቶዎቹ የእሱ ናቸው፣ ይህን አልክድም። የማተሚያ ቤቱን ወጪም ዕቁብ ሲደርሰው የሸፈነው እሱ ነው። ሶፍት ኮፒውን በቴሌግራም ላክሁለት፤ «አንተ አርፈህ ተቀመጥ፣ የማተሚያ ቤቱን ጣጣ ለኔ ተወው» አለኝ። አረፍኩ።

መጽሐፉ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ» ብሎ ያስቀመጠው የራሱን ስም ብቻ ነው። የኔስ የት ሄደ ብትል፣ ምስጋና ገጽ ላይ፣ በእናቱና በማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች መሃል፣ «በሐሳብ ለረዳኝ ጓደኛዬ» ተብሎ። ስጠይቀው «ሰው የሚገዛው ፎቶውን ነው፤ ጽሑፉማ ከፎቶው ሥር ያለች ሁለት መስመር ናት፤ ደግሞስ ብሩን ያወጣው ማነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ሰፈር ውስጥ ስንገናኝ አንዳችን መንገድ እንሻገራለን።

የዳርዊንና የዋላስ ታሪክ ትዝ አለኝ። ዋላስ ስለ ዝግመተ ለውጥ ያለውን ሐሳብ በደብዳቤ ላከ፣ ስም የወጣለት ዳርዊን ሆነ። እኔም ዋላስ ሆኜ ቀረሁ። ልክሰሰው? ወይስ የደብተሬን ገጾች ቴሌግራም ላይ ልልቀቅበት? የደብተሬንና የመጽሐፉን አንዳንድ ገጾች አያይዤልሃለሁ። ፈረንጆቹ ሩዤ ሬል የሚሏትን የረግረግ ወፍ ጎጆ የመዘገብኩበትም አለ፤ እዚያች ጎጆ ጋ የወሰደን የጎረቤት ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ነው፣ ከዚያ በፊት ሁለታችንም ጎጆዋን አይተን አናውቅም ነበር። እንደ ታላቅ ወንድም ምከረኝ።

ቅር ያለው፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መስማት የምትፈልገውን አስቀድሜ ልንገርህ። ስምህ ሽፋኑ ላይ መውጣት ነበረበት። ይህን ስል ግን ጓደኛህ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። ደብዳቤህ ውስጥ አንተም ዘለህ ያለፍከው ነገር አለ፤ እመጣበታለሁ።

የደብተርህን ገጽና የመጽሐፉን ገጽ ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ያለችበትን። ደብተርህ ላይ፣ ጥጉ ላይ ጭቃ የነካው ጣት አሻራ ባለበት ገጽ፣ «ስትሄድ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች፤ ከአማቷ ጋር የተኮራረፈች ምራት ትመስላለች» ይላል። መጽሐፉም ይህንኑ ይላል። ምራቷም አማቷም በቦታቸው ናቸው፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ተነስታለች። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጠበቃ ከምታቆም ይልቅ ትከራከርልሃለች።

ምክንያቱም ሕጉ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለን፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ሐሳብን፣ ግኝትን ወይም እንዲሁ መረጃን አይጠብቅም። ዝይዋ አንገቷን ጀርባዋ ላይ ማስተኛቷ የማንም ንብረት አይደለም፤ ነገ አንዱ ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዞ መጥቶ፣ የጎጃም መንገድ ዳር ቆሞ፣ ያንኑ አይቶ ሊጽፍ ይችላል። የተኮራረፈችው ምራት ግን ያንተ ናት። ስለዚህ «ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው ማነው» የሚለውን ጭቅጭቅ ዛሬውኑ ተዉት። ማናችሁም ብታሸንፉ የምታገኙት ነገር የለም። ወፎቹን የለየሁት እኔ ነኝ የሚለው ክርክርህም ከባድ ሥራ መሆኑን ባውቅም በሕግ በኩል ብቻውን ሩቅ አይወስድህም። የሚወስድህ የጻፍከው ነው።

ፋይሉን በቴሌግራም ስለላክህ ብቻ መብትህ አልሄደም። የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም የማሳተምና የመሸጥ መብት፣ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። የሥራው ባለቤት ተብሎ የመጠራት መብት ደግሞ የሞራል መብት ይባላል፤ የገንዘቡ መብት የማንም ቢሆን እሱ ከደራሲው ጋር ይቀራል። ማስመዝገብም ግዴታ አይደለም፤ ሥራው ወረቀት ላይ ከሰፈረ ጥበቃው ይጀምራል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደህ ብታስመዘግበው ግን ጥሩ ማስረጃ ይሆንሃል። እስከዚያው ፋይሉን የላክህበትን ቻት እንዳታጠፋ። ስልክ ሲቀየር ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛህ እንምጣ። ሰውዬው ሦስት ሥራ አንድ ላይ ቀላቅሏል። ብር አውጥቶ ያሳተመ ሰው አሳታሚ ነው። አሳታሚነት ቀላል ነገር አይደለም፤ የዕቁብ ብሩን ገበያው በማይታወቅ የወፍ መጽሐፍ ላይ ያፈሰሰ ሰው ልቡ ትልቅ ነው፣ ከሽያጩም ከሁሉ በፊት ወጪው ሊመለስለት ይገባል። ግን በብር ደራሲ አይኮንም። ቢኮንማ ኖሮ ስንቱ ባለ ፎቅ ደራሲ ነበር። ፎቶ ማንሳቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ሙሉ ባለቤት ነው። ሩዤ ሬሏ ጭራዋን ሽቅብ ቆረጥ ስታደርግ ከሥር ነጩ ብልጭ ያለበትን ፎቶ አየሁት። ያን ለማግኘት ሰው ጭቃ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ትንፋሹን ውጦ መቆየት አለበት። አንተ በደብዳቤህ «ፎቶዎቹ የእሱ ናቸው፣ ይህን አልክድም» ብለህ በአንድ መስመር አለፍከው። እሱ ደግሞ የአንተን «ሁለት መስመር» አለው። ተመሳሳይ ናችሁ።

በነገራችን ላይ ያቺን «ሁለት መስመር» የናቃት ጓደኛህ ይህንን ይስማ፦ በአዋጁ መሠረት የጽሑፉ ጥበቃ አንተ በሕይወት እስካለህ፣ ከሞትክም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የፎቶው ግን ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው።

ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ የማን ክፍል የቱ እንደሆነም ቁልጭ ብሎ ይታወቃል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ሰው የሠራው ክፍል ባለቤት ነው። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። «አዘጋጅ» የሚለውን ቃል ከሽፋኑ አውጡት፣ ጠቡን ያመጣው እሱ ነው። በምትኩ «ጽሑፍ፦ እከሌ፤ ፎቶግራፍ፦ እከሌ» በሉ፣ በእኩል የፊደል መጠን። አሳታሚነቱ ውስጥ ገጽ ላይ ለብቻው ይጻፍለት። የማን ስም ይቅደም ብላችሁ ደግሞ ሌላ ወር እንዳትኮራረፉ፤ በፊደል ተራ ይሁን።

ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም። እዚሁ አገራችን የተሠራ ጥሩ ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝሩት የፍሎራ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምረው በ2009 ነው የተጠናቀቁት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባርየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ክፍል) እና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ አብረው ሠርተው። ስምንት ቅጽ ነው፣ ወደ 6000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን ይዟል። ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስና ሰብስቤ ደምሰው በአርታዒነት ስማቸው አለ። ገለጥ ስታደርገው ግን እያንዳንዱ የዕፅዋት ቤተሰብ የጻፈውን ሰው ስም ይዞ ይመጣል። የሣሮቹ ቅጽ የሲልቪያ ፊሊፕስ ሥራ ነው። እነ አደይ አበባንና ኑግን የያዘው ትልቁ ቤተሰብ የመስፍን ታደሰ። አርታዒው «እኔ አዘጋጀሁት» ብሎ የሣሩን ጸሐፊ ምስጋና ገጽ ላይ አልጣለም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሥራ፣ ያን ሁሉ ሰው ይዞ እዚህ የደረሰው ማን ምን እንደሠራ ስለተጻፈ ይመስለኛል። እናንተ ሁለት ሰው ናችሁ።

«ዋላስ ሆኜ ቀረሁ» ያልካት ላይ ግን አልስማማም። ዋላስ ከተርናቴ ደሴት፣ ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ የላከው ጽሑፍ ለንደን የሊኒየስ ማኅበር በሚባለው የሳይንስ ማኅበር የተነበበው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1858 ነው፣ ከዳርዊን ጽሑፍ ጋር አብሮ፣ በሁለቱም ስም። ሁለቱም አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። የዋላስን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፣ ይህ እውነት ነው። ስሙን ግን ማንም አልቀበረውም። ሰውዬውም ቂም አልያዘም፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ስለዚሁ ጉዳይ ያሳተመውን መጽሐፍ ራሱ «ዳርዊኒዝም» አለው።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ስሙ የጠፋ ሰው ከፈለግህ ዓሊን ፈልግ። ከሳራዋክ፣ ከዛሬዋ ማሌዥያ፣ የመጣ ወጣት ነው፤ መጀመሪያ ምግብ ያበስል ነበር፣ በኋላ ወፍ መምታትና ቆዳ ገፎ ማድረቅ ተማረና ለዓመታት የዋላስ ቀኝ እጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1858 ባቻን ደሴት ላይ ከጫካ ሲመለስ ወገቡ ላይ ካሰራቸው ወፎች አንዷን ለዋላስ አሳየው። ከዚያ በፊት በሳይንስ የማትታወቅ የገነት ወፍ ነበረች። ዛሬ ሳይንሳዊ ስሟ ሴሚዮፕቴራ ዋላሲ ነው። መትቶ ያመጣት ዓሊ፣ ስሙን የወሰደው ዋላስ። ታሪኩን የነገረን ራሱ ዋላስ መሆኑ ያስመሰግነዋል፣ የዓሊን ፎቶም በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ውስጥ አሳትሞታል። ያም ሆኖ ወፏ ዋላሲ ናት።

እንግዲህ ዘለልከው ያልኩህ ነገር ይህ ነው። ያ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ስሙ ማን ነው? ረጅም ደብዳቤ ጽፈህልኛል፣ ስሙ የለም። ምስጋና ገጹን ደግሜ አየሁት፤ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች አሉ፣ የጓደኛህ እናት አሉ፣ አንተም «በሐሳብ የረዳ» ተብለህ አለህ። ልጁ የለም። አንተም ጓደኛህም አታውቋት የነበረችውን ጎጆ ቄጤማውን በእጁ ከፍቶ ያሳያችሁ እሱ ነው። ሕጉ ለእሱ ምንም አይሰጠውም፤ ያሳያችሁ ነገር ግኝትና መረጃ ነው፣ ይህን ደግሞ አዋጁ እንደማይጠብቅ ቅድም ነግሬሃለሁ። ስለዚህ የልጁ ነገር ሙሉ በሙሉ በእናንተ ኅሊና ላይ የወደቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ ሞታ የተገኘች አንዲት የሌሊት ወፍ ዘመድ የማትሆን፣ ግን በሌሊት የምትበር ትንሽ ወፍ ነበረች፤ የተረፈው ክንፏ ብቻ ነው። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ስትገለጽ ጽሑፉ የአምስት ሰው ስም ይዞ ወጣ፣ ከአምስቱ አንዱ ዘውዴ ይላል። ለአንድ ክንፍ አምስት ስም። ለአንድ ሙሉ ጎጆ አንድ ስም መጨመር የሚከብድ ነገር አይደለም።

የልጁን ወላጆች አስፈቅዱና ስሙን ከነሥራው ጻፉ። «ለተባበረን ልጅ» ሳይሆን «የሩዤ ሬልን ጎጆ ያሳየን» ብላችሁ። ከሽያጩም ቁረጡለት፤ ቱሪስት ይዞ የሚመጣ አስጎብኚ ለግማሽ ቀን ሥራ ይከፈለዋል፣ እሱ ለምን በነፃ? አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳ፦ የላክህልኝ ገጽ ላይ ጎጆዋ ከየትኛው ድልድይ በስተየት እንዳለች ተጽፏል። በሁለተኛው ኅትመት አውጡት። ወፍ ወዳዱ ሁሉ ካሜራ ይዞ እዚያች ቄጤማ ላይ ሲረባረብ እናትየዋ ጥላ ትሄዳለች፣ ውሻም የሰው ኮቴ ተከትሎ ይመጣል።

ቴሌግራሙን ተወው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ፖስት ከተደረገ ደግሞ ስክሪንሾት አለ። ሰው ጽሑፍህን ሳይሆን ጠባችሁን ነው ሼር የሚያደርገው፣ መጽሐፉም የተጣላ መጽሐፍ ተብሎ ይቀራል። ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ፣ መብትህ ነው፤ ግን ጓደኛህ መልስ አልሰጥም ካለ በኋላ ይሁን። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ላክ። ሽማግሌ ስልህ «አብሮ አደግ አይደላችሁም እንዴ፣ ተሳሳሙ» ብሎ ቡና ጠጥቶ የሚሄደውን አይደለም። እንዲህ ያለው እርቅ ለሦስት ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ መጽሐፉን ሱቅ መስኮት ላይ ባየኸው ቁጥር ሆድህ ይባባል። የኅትመት ሥራ የሚያውቅ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው ፈልግ። ሲጨርስ የተስማማችሁበት ነገር በወረቀት ላይ ይሁን፦ ያልተሸጡት ቅጂዎች ሽፋን ላይ ሁለቱን ስሞች የያዘ ተለጣፊ ይደረግ፣ ማተሚያ ቤት በርካሽ ይሠራዋል። የኅትመቱ ወጪ ይመለስ፣ ቀሪው ይካፈል። ሁለተኛ ኅትመት ያለ ሁለታችሁ ፊርማ አይታተም። ፎቶዎቹን ለካላንደር፣ ጽሑፉን ለትምህርት ቤት ጋዜጣ ለብቻ መጠቀም ግን ሁላችሁም በየክፍላችሁ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ መልእክት መላክ ያለብህ አንተ ነህ፣ ተበዳይ ብትሆንም። ስለ ስምህ አትጀምር። «የሬሏ ፎቶ እንዲህ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ስለ ሽፋኑ ግን መነጋገር አለብን» በለው። ድርቆሽ አጨዳው ሳያልፍ አብራችሁ ሜዳ ከወጣችሁ፣ ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ።

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ዲግሪዬ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ስለ ዕፅዋት ጥናት ሠርቼ ነበር። አማካሪዬ ጽሑፉን አሳጥረው ለጆርናል ሲልኩት ስማቸውን አስቀደሙ፣ የኔን ሁለተኛ አደረጉት። ሳይነገረኝ ነው ያወቅሁት። ምን ላድርግ? (ተማሪ፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ በአብዛኛው የሳይንስ ዘርፍ የመጀመሪያው ስም ሥራውን የሠራው ሰው ነው፣ አማካሪ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። መጨረሻ መሆን ውርደት አይደለም፤ እንዲያውም የቡድኑ መሪ ቦታ ተደርጎ ይታያል። መጀመሪያ እሳቸውን በአካል አግኝተህ በአክብሮት ጠይቃቸው፤ «ስሜን ወሰዱ» ሳትል «የደራሲያኑ ቅደም ተከተል እንዴት ተወሰነ?» በል። ብዙ ጆርናሎች አሁን ማን ምን እንደሠራ የሚገልጽ መግለጫ ይጠይቃሉ፤ የሥራ ድርሻውን በ14 ከፍሎ የሚያስቀምጥ ክሬዲት (CRediT) የሚባል የታወቀ ዝርዝርም አለ። ያንን ዝርዝር ይዘህ ግባና አብራችሁ ሙሉት፤ መረጃ ማን ሰበሰበ፣ ማን ተነተነ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ማን ጻፈ። ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ጽሑፉ ገና ካልታተመ ቅደም ተከተል መቀየር ቀላል ነው፣ ሁሉም ደራሲያን ከተስማሙ አርታዒው ያስተካክላል። ከታተመ ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ አታቆየው።

ጥያቄ፦ ሱባ ጫካ ሄጄ በስልኬ ያነሳሁት የጉሬዛ ፎቶ የአንድ ድርጅት ካላንደር ላይ፣ መጋቢት ወር ላይ ወጥቶ አየሁት። ስሜ የለም፣ የጠየቀኝም የለም። ፌስቡክ ላይ ለጥፌው ነበር። (የትዕግሥት እናት፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ እሜቴ፣ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ለማንም ፈቃድ መስጠት አይደለም። አንድ ችግር ግን አለ። በአዋጁ መሠረት ፎቶ የሚጠበቀው የአንድ ስብስብ አካል ከሆነ፣ ወይም መጽሐፍ ውስጥ ከታተመ፣ ወይም የባለቤቱን ስምና አድራሻ ከያዘ ነው። እንዲሁ ያለ ስም የተለጠፈ ፎቶ ክርክሩን ያከብድብዎታል። መጀመሪያ ድርጅቱ ጋ ይደውሉ፤ ብዙ ጊዜ ካላንደሩን የሠራው ዲዛይነር ከኢንተርኔት ያነሳው ስለሚሆን ድርጅቱ ራሱ አያውቅም። ኦሪጅናሉ ስልክዎ ላይ እንዳለ፣ ቀኑና ሰዓቱም አብሮ እንደተቀመጠ ይንገሯቸው፤ ክፍያና ስምዎን በሚቀጥለው ኅትመት ይጠይቁ። ከእንግዲህ የሚለጥፉት ፎቶ ላይ ጥጉ ላይ ስምዎን ያስፍሩ። ጉሬዛው ፊት ላይ አይሁን እንጂ የት ቢሆን ግድ የለም።